ጸጋዬ ገብረ መድኅን፦ የአምቦው ተማሪ



በዚህ ጊዜ በሕይወት ታሪክ ዓምዳችን የምናስተዋውቃችሁ ሰው የራሳችን አገር ልጅ ነው። መቼም የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ስም ያልሰማ ዕጩ መምህር በመካከላችን አለ ብለን አንገምትም። ሆኖም ስሙን መስማትና ሥራውን እንዴት እንደ ሠራ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጸጋዬ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ማዕረጉ፣ ሽልማቱና የቋንቋው ክብደት ነው። እኛ ግን ዛሬ በይበልጥ ልንናገር የምንፈልገው ተማሪ ሳለ ስለ ጀመረውና እስከ መጨረሻው ስላልተወው አንድ ልማድ ነው፤ ይኸውም ሥራን ደብቆ ከመያዝ ይልቅ ሰው ፊት ማውጣት፣ ከዚያም ተመልሶ እንደገና መሥራት ነው። ለማስተማር ሙያ ለምንሰለጥን ሰዎች ከሕይወቱ የሚገኘው ትልቁ ትምህርት ይህ ይመስለናል።

ከአዲስ አበባ ተነስተን ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፈን ወደ ምዕራብ ስንጓዝ አምቦ እንደርሳለን። አምቦ አካባቢ ቦዳ የሚባል ስፍራ አለ። ጸጋዬ የተወለደው እዚያ ነው፤ ቀኑም ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ዘመኑ ምን ዓይነት ዘመን እንደ ነበር ለማስታወስ ያህል፣ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር መጨረሻ ሲሆን፣ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደብድበው የተገደሉት ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን ነው። ከአቡነ ጴጥሮስ ሞት እስከ ጸጋዬ ልደት ያለው ጊዜ 19 ቀን ብቻ መሆኑ ነው። ይህችን ቁጥር ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አባቱ ገብረ መድኅን ሮባ ኦሮሞ ናቸው። ልጁ ሲወለድ ጠላትን ለመውጋት ዘምተው ስለ ነበር ቤታቸው አልነበሩም። እናቱ ፈለቀች ዳኜ ደግሞ የአንኮበር ሰው ናቸው። ስለዚህ ሕፃኑ ገና ከጅምሩ ኦሮምኛና አማርኛ እየሰማ አደገ ማለት ነው። እንደ ማንኛውም የባላገር ልጅ ከብት ጠብቋል፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት በኩልም ግዕዝ ተምሯል። በኋላ ዘመን ተመልካቹን አንዴ ሲያስደንቅ አንዴ ሲያስቸግር የኖረው የቃላት ሀብቱ የተጠራቀመው ከእነዚህ ሦስት ምንጮች ነው። የቤት ቋንቋና የትምህርት ቤት ቋንቋ እየተለያየባቸው የሚቸገሩ ልጆችን ለምናስተምር ለእኛ፣ ይህ ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለው። ልጅ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ቋንቋ ስንቅ ሊሆነው ይችላል።

ከነፃነት በኋላ ጸጋዬ አምቦ በሚገኘው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያን ዘመን ከተማዋ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ በፍል ውሃዋና በጠርሙስ በሚታሸገው የማዕድን ውሃዋም የታወቀች ነበረች። ታዲያ የሥነ ጽሑፍ ታሪካችን የማይረሳው ነገር የተፈጸመው በዚህች ከተማ ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ጸጋዬ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ፣ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ተውኔት ጻፈ። ተውኔቱም መድረክ ላይ ወጥቶ ታየ። ከተመልካቾቹ መካከል ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ነበሩበት።

እስቲ ቆም ብለን እናስበው። ዲዮኒስዮስ የሚለው ስም የጥንቶቹ ግሪኮች ከሠፈሩበት ከሲሲሊ ደሴት፣ ከሲራኩስ ከተማ ገዥዎች ጋር ተያይዞ የሚታወቅ ስም ነው። የቦዳ ልጅ ስለዚህ ንጉሥ ሲጽፍ አገሩን በዓይኑ አላየም፤ ቋንቋውንም አይናገርም። የመጀመሪያ ሥራው ርቆ የሄደ ሥራ ነበር ማለት ይቻላል። የጀማሪ ሥራ ብዙውን ጊዜ እንደዚህ ነው። የሚያውቁትን ትቶ የሰሙትን፣ የቅርቡን ትቶ የሩቁን ያነሳል። ይህ ጉድለት ቢሆንም የሚያሳፍር ጉድለት አይደለም። ትልቁ ነገር ጽሑፉ ደብተር ውስጥ ተዘግቶ አለመቅረቱ ነው። የልጅ ድርሰት መድረክ ላይ እንዲወጣ ደግሞ ከልጁ ሌላ የሌሎች ሰዎች እጅ ያስፈልጋል። ቃሉን የሚያጠኑ ጓደኞች፣ ልብስና ወንበር የሚያዘጋጁ፣ ከሁሉም በላይ ይሁን ብለው የሚፈቅዱና ልምምዱን የሚከታተሉ መምህራን ከሌሉ የትምህርት ቤት ቴአትር አይቆምም።

ሥራው በሰው ፊት የቀረበለት ልጅ ምን ያገኛል? ጭብጨባ ያገኛል፤ ይህ ቀላሉ ነው። ከጭብጨባው በላይ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ብቻውን ተቀምጦ ሲያነበው ያማረው ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ጓደኛው ቆሞ ሲናገረው ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ያስለቅሳል ብሎ የጻፈው ቦታ ያስቃል። ያስቃል ያለው ቦታ ጸጥ ይላል። የት ላይ ሰው እንደሚያንኮራፋ፣ የት ላይ ጎረቤቱን ማውራት እንደሚጀምር በዓይኑ ያያል። ይህን ትምህርት ከመጽሐፍ አያገኘውም። ጸጋዬ ለሚቀጥለው ግማሽ ምዕተ ዓመት የሙጥኝ ያለው መድረክ በልጅነቱ ያገኘው እንዲህ ያለ አስተማሪ ነው።

ከአምቦ በኋላ ጸጋዬ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሄደ፤ ቀጥሎም በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያም ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ አሜሪካ ቺካጎ ወደሚገኘው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት ተጓዘና እ.ኤ.አ. በ1959 በሕግ ተመረቀ። ልብ በሉ፤ ንግድና ሕግ የተማረ ሰው ነው። በዚያን ዘመን እንደዚህ ያለ ትምህርት የጨረሰ ወጣት የተደላደለ የመንግሥት ሥራ ይጠብቀው ነበር። እሱ ግን የአምቦውን መድረክ አልረሳም። በትምህርት ላይ ሆኖም መጻፉን አላቋረጠም፤ «በልግ» እና «የእሾህ አክሊል» የተባሉት ተውኔቶቹ የወጣትነቱ ሥራዎች ናቸው።

ከምረቃው በኋላ ጸጋዬ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ቴአትርን በሙያነቱ ለመማር ሁለት ታላላቅ ቤቶችን ጎበኘ። አንደኛው ለንደን የሚገኘው የሮያል ኮርት ቴአትር ሲሆን፣ ሁለተኛው ፓሪስ የሚገኘው ኮሜዲ ፍራንሴዝ ነው። ኮሜዲ ፍራንሴዝ እ.ኤ.አ. በ1680 የተቋቋመ ነባር ቤት ነው፤ የሞሊየር ቤት እየተባለም ይጠራል። ሮያል ኮርት ደግሞ በተቃራኒው ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ ጸሐፊዎች በሩን የከፈተ ቤት ነበር። እዚያ ቤት አንድ ጥሩ ልማድ ነበር። እሑድ ማታ ማታ አዳዲስ ተውኔቶች ያለ ብዙ የመድረክ ጌጥ ለተመልካች ይቀርቡ ነበር። ዓላማው ጸሐፊው ሥራው ሰው ፊት ሲቆም እንዲያየው፣ የጎደለውንም እንዲያውቅ ነው። ብዙ ገንዘብ አይወጣም፤ ሥራው ግን ይፈተናል። እንዲህ ያለ ልማድ ለማቋቋም ሀብታም አገር መሆን አያስፈልግም። አንድ ክፍል፣ ጥቂት ወንበርና ቅን ልብ ያላቸው ተመልካቾች ይበቃሉ።

ጸጋዬ ወደ አገሩ ተመልሶ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሥራ ጀመረ። ቤቱ የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ስለ ነበር ገና ወጣት ቤት ነበር። በዚያ በኃላፊነት ባሳለፋቸው ዓመታት የራሱን ተውኔቶች ከመጻፍ ሌላ የሌሎችን ሥራ ወደ አማርኛ ይመልስ ነበር። ከሼክስፒር «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ንና «ሐምሌት»ን አማርኛ አናግሯቸዋል። ከሞሊየርም «ታርቲዩፍ»ን ወስዷል። ይህን ሥራ ትርጉም ብቻ አድርገን ማየት የለብንም። የታላላቆችን ሥራ በገዛ እጁ ቃል በቃል እየፈታ የሚገጥም ሰው፣ አናጢ የሌላውን አናጢ ወንበር ፈትቶ እንደሚማረው ይማራል። ትዕይንት የት እንደሚጀምር፣ የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ ተዋናይ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ የት እንደሆነ ያውቃል። ዛሬም ጎበዝ ተማሪ ጥሩ ሥራ ሲያይ ወዶ ብቻ አያልፈውም፤ እንዴት እንደ ተሠራ ይመረምራል።

በዚሁ ጊዜ የጸጋዬ የራሱ ሥራ አቅጣጫ ቀየረ። ከሲራኩስ ንጉሥ ተነስቶ ወደ አገሩ ሰው ተጠጋ። በ1950ዎቹ በጻፋቸው እንደ «የከርሞ ሰው» ባሉ ተውኔቶቹ የከተማውን ተራ ሰው፣ ከገጠር መጥቶ መንገድ የጠፋበትን፣ በአሮጌውና በአዲሱ ኑሮ መካከል የተንጠለጠለውን መድረክ ላይ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ በእንግሊዝኛ የጻፈው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለው ተውኔት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ኦዳ ምን እንደ ሆነ ለምዕራብ ሸዋ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ የኦሮሞ አባቶች ከጥላው ሥር ተሰብስበው የሚመክሩበት የተከበረ ዛፍ ነው። በተውኔቱ ውስጥ በንግርቱ ትእዛዝ የተጋቡ ሁለት ወጣቶች የበኩር ልጃቸው ለመሥዋዕት እንዲቀርብ ይጠበቅባቸዋል። ወጣቱ ሻንካ ይህን ፈርቶ ከሚስቱ ይርቃል፤ መዘዙም ከዚያ ይጀምራል። እንግዲህ የለንደን አንባቢ እጅ የገባው ሥራ የቦዳ ልጅ ከልጅነቱ ከሚያውቀው ጥላ ሥር የተነሳ ነበር። ወደ ራሱ ምድር በቀረበ ቁጥር ሥራው ርቆ ተሰማ።

አሁን ወደዚያች ወደ 19 ቀኗ እንመለስ። ጸጋዬ የአቡነ ጴጥሮስን ነገር አንዴ ጽፎ አልተወውም። «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በሚል ርእስ በግጥም አቀረበው፤ በተውኔትም አቀረበው፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሠራው። ሊገደሉ የቀሩትን ጥቂት ጊዜያት ከጳጳሱ ጋር ቆጠረ። ቆመው ሲጸልዩ፣ ልጅነታቸውን ሲያስታውሱ፣ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ አሳየን። ከእሳቸው ሞት በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የተወለደ ልጅ ይህችን ሰዓት ደጋግሞ መጎብኘቱ አያስገርምም። የአፄ ቴዎድሮስንም ታሪክ እንደዚሁ አድርጓል። በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አቀረበው፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአማርኛ እንደገና ለመድረክ አበቃው። ሰው አንድ ጊዜ የተጨበጨበለትን ሥራ ለምን እንደገና ይነካል? መልሱ አጭር ነው፤ የመጀመሪያው ሥራ የመጨረሻው እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ነው።

በግጥም ረገድም ያደረገው ነገር ይህንኑ ያሳያል። የተለመደው የወል ቤት ግጥም ስንኙ በስድስት በስድስት ቀለም ተከፍሎ ይነበባል። ጸጋዬ ግን የሚፈልገውን ሐሳብ ለመሸከም ይህ ልክ ስለ ጠበበው በስምንት በስምንት ቀለም የሚሄድ ረጅም ስንኝ ሠራ። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ይህን ምጣኔ የጸጋዬ ቤት ይሉታል። አንባቢ ከፈለገ «እሳት ወይ አበባ» የተባለውን የግጥም መድበሉን ከቤተ መጻሕፍት አውጥቶ በጣቱ እየቆጠረ ይመልከት። የፊደሉን ብዛት ሳይሆን ድምፁን መቁጠር እንዳለበት ግን አይርሳ፤ ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ ከፊተኛው ጋር ይጣበቃልና።

አንድ ለመምህራን በተለይ የሚጥም ነገር እንጨምር። የጸጋዬ ተውኔቶች ርእስ ከፊደል ገበታ የተነሳበት ጊዜ አለ። በአብዮቱ መባቻ «ሀሁ በስድስት ወር» የተባለ ተውኔት ጻፈ። ቀጥሎ «አቡጊዳ ቀይሶ» መጣ። በ1980ዎቹ ደግሞ «ሀሁ ወይም ፐፑ» አለ። ሀሁ ልጅ በመጀመሪያ የሚቆጥረው ነው፤ አቡጊዳ ሀሁን የጨረሰ ልጅ የሚሻገርበት ሁለተኛው የፊደል አቆጣጠር ነው፤ ፐፑ ደግሞ የገበታው መጨረሻ ነው። ጸጋዬ አገሩን እንደ ፊደል ቆጣሪ ተማሪ አድርጎ አየ ማለት ነው። ሀሁን በስድስት ወር ጨርሻለሁ የሚል ተማሪ በእርግጥ ቆጥሯል ወይስ ሸምድዷል? ይህ ጥያቄ የፖለቲካ ጥያቄ ነበር፤ አንደኛ ክፍል ገብቶ ለሚያስተምር ሰው ግን የየዕለት ጥያቄ ነው።

መንገዱ ሁሉ አልጋ በአልጋ ነበር እንዳንል። ጸጋዬ በሦስት መንግሥታት ዘመን ጽፏል፤ በየዘመኑም ከሳንሱር ጋር ተጋጭቷል፤ ከመድረክ የታገዱበት ተውኔቶች ነበሩ። ከአብዮቱ በኋላ ለአጭር ጊዜ የባህልና የስፖርት ምክትል ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሶ ነበር፤ እስርንም ቀምሷል። ከተመልካቹም ቢሆን ምስጋና ብቻ አላገኘም። ቋንቋው ይከብዳል፣ አንዴ ሰምተነው አይገባንም የሚሉ ብዙ ነበሩ። ይህ ሂስ እውነትነት አለው ብለን እናምናለን፤ አንዳንዱን መስመር ሁለት ሦስት ጊዜ ሳያነቡ መጨበጥ ያዳግታል። ነገር ግን ከሰው ፊት የሚቀርብ ሰው የሚያገኘው ይህን ነው፤ ምስጋናውንም ነቀፋውንም በአንድ ሰሃን ይበላል። ነቀፋ ፈርቶ ቤቱ የተቀመጠ ግን ምስጋናውም ያመልጠዋል፤ እርማቱም ያመልጠዋል።

ለእኛ ሙያ በጣም የሚቀርበው ሥራው ምናልባት ብዙ የማይወራለት ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲቋቋም ጸጋዬ ከደከሙለት ሰዎች አንዱ ነበር። እሱ ራሱ ቴአትርን በሙያነቱ ለማየት ለንደንና ፓሪስ ድረስ መሄድ ነበረበት። ከእሱ በኋላ የመጣ የአምቦ፣ የጎንደር ወይም የሐረር ልጅ ግን አገሩ ላይ ሆኖ፣ ከመምህሩና ከጓደኞቹ ጋር እየተለማመደና እየታረመ እንዲማር በር ተከፈተለት። ያገኘውን ዕድል ለሌላው ማውረስ ይሏል እንዲህ ነው።

ሽልማቱን ባጭሩ እንንገር። እ.ኤ.አ. በ1966፣ በ29 ዓመቱ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለ፤ ይህን ሽልማት ካገኙት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እሱ ነበር። በዚያው ዓመት ዳካር ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ጥቁር ሕዝቦች የሥነ ጥበብ በዓል ተገኝቷል። ሴኔጋልም በኋላ በብሔራዊ ኒሻኗ አክብራዋለች። ሎሬት የሚለውን ማዕረግ ደግሞ ከዓለም አቀፍ የባለቅኔዎች ማኅበር አግኝቷል። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት የሚዘመረው መዝሙር ግጥምም የእሱ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ኩላሊቱን ታምሞ ለሕክምና ኒው ዮርክ ተቀመጠ፤ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በዚያው አረፈ። አስከሬኑ ወደ አገሩ መጥቶ አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ይህን ሁሉ ያወራነው ለዝክር ብቻ አይደለም። በእኛ መካከል አንድ የምናውቀው ልማድ አለ። የትምህርት ዕቅድ እንድናዘጋጅ፣ ሥዕል እንድንሥል ወይም የመርጃ መሣሪያ እንድንሠራ ስንታዘዝ እስከ ማስረከቢያው ቀን ድረስ ደብቀን እንይዛለን። ጓደኛ አየው፣ ጓደኛ ቀዳው ብለን እንሰጋለን። ከዚያ በላይ ደግሞ ይስቁብናል ብለን እንፈራለን። ከዚያ በመጨረሻው ቀን እናስረክባለን፤ ነጥቡ ይመጣል፤ ሥራው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳይታረም የተወለደ፣ ሳይታረም የሞተ ሥራ ነው።

ይህ ነገር በሌላው ዓለም እንዴት እንደሚሠራ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አሁን አሁን አኒሜሽን የሚባለውን የሥዕል ፊልም በእጅ ስልክ ካሜራ ሳይቀር መሥራት ይቻላል፤ ለማስተማሪያነትም ይጠቅማል። አንድ ዘር መሬት ውስጥ ሲበቅል፣ ደም በልብ ውስጥ ሲዘዋወር፣ «ሀ» ስትጻፍ ብዕሩ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በተከታታይ ሥዕሎች ማሳየት ነው። ሥራው ግን አድካሚ ነው። ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል፤ እያንዳንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ብናነሳ ለአንድ ሰከንድ 12፣ ለአንድ ደቂቃ 720 ሥዕል ያስፈልጋል። እንግዲህ 720ውን ሥዕል አስጨርሶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ከዚያ በኋላ እንቅስቃሴው ልክ አይደለም ቢባል ምን ይደረጋል? ሎስ አንጀለስ የነበረው የዋልት ዲዝኒ ድርጅት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለዚህ መላ አበጁ። በእርሳስ ብቻ የተሣለውን ረቂቅ፣ ቀለም ሳይገባው፣ ፊልም አንስተው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በጋራ ያዩት ነበር። ክፍሏ ስለምትሞቅ፣ የሚተቸውም ሰው ስለሚያልበው፣ የላብ ሳጥን ብለው ሰየሟት። «በረዶ ነጭ» የምትባለዋ በ1937 እ.ኤ.አ. የታየች ረጅም የሥዕል ፊልም በዚህች ሳጥን ያለፈች ናት። ረቂቅ ሲታረም ላጲስ ይበቃል፤ ካለቀ በኋላ ሲታረም ግን ልብ ይሰብራል።

የሮያል ኮርት እሑድ ማታ፣ የዲዝኒ የላብ ሳጥንና የአምቦ ትምህርት ቤት መድረክ በአገርም በሀብትም የተራራቁ ናቸው። የሚያገናኛቸው ግን አንድ ነው፤ ሥራ ሳይደርቅ ሰው ፊት ይቀርባል። ስለዚህ ለባልደረቦቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ከባድ አይደለም። የማስተማር ልምምድ ከመውጣታችሁ ከሳምንት በፊት ዕቅዳችሁን ለሁለት ጓደኛ አስነብቡ። ሥዕላችሁን በእርሳስ እንዳለ አሳዩ። አሳይ የተባለ ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ይስማ፤ ወዲያው መከላከል አይጀምር። የሚተች ሰው በበኩሉ ጥሩ ነው ወይም አይረባም ብሎ አይለፍ፤ ከኋላ ወንበር አይነበብም፣ ይህ ቃል ለሁለተኛ ክፍል ይከብዳል፣ እዚህ ጋ ልጁ ምን እንዲሠራ ነው የፈለግከው እያለ ነገሩን በጣቱ ይጠቁም። መምህሮቻችንም ነጥቡን ከማስቀመጣቸው በፊት ረቂቁን አንዴ ቢያዩልንና ተመልሰን እንድናርመው ጊዜ ቢሰጡን፣ ከቀይ እስክሪብቶ የበለጠ እንማርበታለን። ይህ የግድግዳ ጋዜጣም ከታች በኩል ባዶ ቦታ አለው፤ ያላለቀ ሥራ ለመለጠፍ የሚፈልግ ሁሉ ይጠቀምበት።

ነገ በየፊናችን እንበታተናለን። አንዳንዳችን ጊንጪ፣ አንዳንዳችን ጉደር፣ ጌዶ ወይም ባኮ እንመደባለን። ወንበሩ የማይበቃ፣ ተማሪው የበዛ ክፍል ይጠብቀናል። ከነዚያ ሁሉ ልጆች መካከል አንዱ የሒሳብ ደብተሩ ጀርባ ላይ የማይገባ ነገር ሲሞነጭር እናገኘዋለን። ምናልባት ግጥም ይሆናል፣ ምናልባት ሥዕል፣ ምናልባትም አይቶት ስለማያውቀው የሩቅ አገር ንጉሥ የሚተርክ ጨዋታ ይሆናል። ፊደሉ የተጣመመ፣ ሐሳቡ ያልበሰለ ይሆናል። ደብተር አበላሸህ ብለን ቀድደን መጣል በእጃችን ነው። ነገ ዓርብ ከሰዓት ለክፍሉ ታነበዋለህ፣ ከዚያ አብረን እናርመዋለን ማለትም በእጃችን ነው። አንድ ጊዜ አምቦ ላይ ሁለተኛው ተደርጎ ነበር፤ ውጤቱንም አገር አይቶታል።